የጐንደር ማርሚታ፤ የመኪና ጭስ ማውጫን በግቢ ውስጥ ስለ መግጠም የተደረገ ታሪካዊ ጥናት

ስለ ጐንደር ታሪክ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከዐፄ ፋሲል ግንብ ነው። እኛም የዚሁ አገር ልጆች ስለሆንን ግንቡን የምናቃልል አይደለንም፤ ነገር ግን በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ከግንቡ አጥር ውጭ፣ በየግቢውና በየመንገዱ ዳር፣ በመኪና ሆድ ሥር ተንጋለው የሚሠሩ ሰዎች የሚያውቁትን አንድ ዕቃ ነው። ይኸውም ማርሚታ የሚባለው የመኪና ጭስ ማውጫ ነው። ከአንባቢዎቻችን መካከል ይህ ለታሪክ ተማሪ የሚገባ ርእስ ነውን ብሎ የሚጠይቅ እንደሚኖር አስቀድመን እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። ግንብ በድንጋይና በኖራ ስለ ተሠራ አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ተቃርቧል፤ ማርሚታ ግን ከላሜራ ስለሚሠራ በጥቂት ዓመታት ዝገት በልቶት ይወድቃል፤ የሠራውም ሰው ስሙን አይጽፍበትም። ስለዚህ ዛሬ ካልተጻፈ ነገ የሚገኝ ማስረጃ የለም።

ጐንደር መኪና የሚሠራባት ከተማ ሆና አታውቅም። ሆኖም ከሰማንያ ዓመት በላይ መኪና ሲነዳባት፣ ሲሰበርባትና ሲጠገንባት ቆይቷል። ይህን የሚጠግነው እጅ ሥራውን ከማን ተማረ? ብዙ ሰው ያለማመንታት «ከጣልያን» ብሎ ይመልሳል። እኛ ይህ መልስ ግማሹ ብቻ እውነት ነው የሚል አሳብ ስላለን ነው ብዕር ያነሣነው።

የጣልያን ተማሪነታችንን የሚያሳየው ዋናው ምስክር ቋንቋው ነው። በማንኛውም የጐንደር ጋራዥ በር ላይ ለአንድ ሰዓት የቆመ ሰው ፍሬን፣ ካንዴላ፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ጓርኒሲዮን፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ፣ ክሪክ ሲባል ይሰማል። እነዚህ ሁሉ ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። የመኪናው የዓመት ምርመራ ምልክት እንኳ ቦሎ ይባላል፤ እርሱም የኢጣልያንኛ ቃል ነው። በከተማችን አውቶ ፓርኮ የሚባለው ሠፈር ስሙን ከዚያው ዘመን የመኪና ማቆሚያ ይዞ ቀርቷል። ማርሚታም እንዲሁ ነው፤ በኢጣልያንኛ መጀመሪያ ትርጉሙ ክዳን ያለው ትልቅ ድስት ማለት ሲሆን፣ በኋላ የመኪና ድምፅ ማፈኛ ቆርቆሮ ድስት ስለሚመስል በዚሁ ስም ተጠራ። የኛ መካኒክ ይህን ሳያውቅ በየቀኑ «ድስቱን ፍታው» «ድስቱን ጥበቅ» ሲል ይውላል ማለት ነው።

ነገር ግን ስሞቹን ትቶ ግሦቹን ያዳመጠ ሰው ሌላ ነገር ያገኛል። መቀጥቀጥ፣ መሞረድ፣ መብሳት፣ ማጉበጥ፣ ማቅናት፣ መበየድ የሚሉት ቃላት አንዳቸውም ከሮማ አልመጡም። ብየዳ ኤሌክትሪክ ሳይታሰብ ብር ሠሪውና ወርቅ ሠሪው የሚሠሩበት ቃል ነበረ። መዶሻና ጉጠት፣ ሞረድና ወናፍም የቀጥቃጭ ቤት ዕቃዎች ናቸው። እንግዲህ የዕቃው ስም የባዕድ፣ የሥራው ስም የአገር ነው። ስም ከዕቃው ጋር ተገዝቶ ይመጣል፤ ግሥ ግን ሥራውን ቀድሞ ከሚያውቅ ሰው አፍ በቀር ከየትም አይመጣም። የጥናታችን መሠረት ይህ አስተያየት ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ዕቃው ምን እንደሚሠራ በጥቂቱ እንናገር። በሞተር ውስጥ ቤንዚን ከአየር ጋር ተቀላቅሎ በፈነዳ ቍጥር የጋለ ጋዝ በኃይል ይወጣል። ይህ ጋዝ በቀጥታ ቢለቀቅ እያንዳንዱ ፍንዳታ እንደ ጥይት ይሰማል። ማርሚታው በውስጡ የተበሳሳ ቱቦና የተከፋፈሉ ክፍሎች ስላሉት ድምፁ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ሲጋጭ ይደክማል፤ ቱቦውም መርዙን ከተሳፋሪው አርቆ ወደ ኋላ ይጥለዋል። በአሜሪካ በኢንዲያና ክፍል ሚልተን ሪቭስና ወንድሙ ማርሻል ለሞተር ድምፅ ማፈኛ የባለቤትነት መብት ያገኙት በ1889 ዓ.ም. (1897 እ.ኤ.አ.) ነው፤ ይኸውም የዐድዋ ድል ከሆነ አንድ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ለዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ አዲስ አበባ ያደረሰው በ1900 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ማርሚታና ኢትዮጵያ የተዋወቁት ዕቃው ገና አዲስ ሳለ ነው።

ጐንደር ግን ከዚያ በፊት በብረትና በመንኰራኵር ጉዳይ የራሷ ታሪክ ነበራት። የቋራው ካሣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በሰሜን በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የብረት ሥራ መንደር ማቋቋማቸው የታወቀ ነው። በዚያ ዋልድማየርና ጓደኞቹ የተባሉት የወንጌል መልእክተኞች መድፍ ለማቅለጥ ተገደዱ፤ ሴባስቶፖል የተባለውም መድፍ ተሠራ። ክብደቱ ሰባት ሺህ ኪሎ ግራም ያህል ነው። በታሪክ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ መድፉ ነው፤ እኛን ይበልጥ የሚያስደንቀን ግን መንገዱ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ያን ክብደት በመንኰራኵር ላይ አድርገው ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ለማድረስ ወራት የፈጀ መንገድ፣ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ጭምር፣ ሸለቆ ወርደውና ገደል ቈርጠው አሠሩ። በጋፋት ፈረንጆቹ ብቻቸውን አልሠሩም፤ ወናፉን የነፋ፣ ከሰሉን ያከሰለ፣ ቅርጹን ያበጀ የአገር ሰው ነበረ። የእነዚህን ሰዎች ስም ግን ማንም አልጻፈውም።

ለምን አልተጻፈም ቢባል ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ይናቅ ነበር። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ምሳሩን ከእርሱ የሚገዛው ገበሬ ራሱ ጠይብ ይለዋል፣ ቡዳ ነው ብሎም ይፈራዋል፤ ልጁን አይድርለትም። በጐንደር አካባቢ ይህን ሥራ ይዘው ከኖሩት ዋነኞቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ ከከተማው በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ወለቃ በዚሁ የታወቀች ናት። ወንዶቹ ብረት፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። አብዛኞቹ በ1977 ዓ.ም. በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል ሄዱ። ዛሬ በወለቃ መንገድ ዳር ለጐብኚ የሚሸጠውን ሸክላ የምናየው ይኸው ጥንታዊ ሥራ በሌሎች እጅ ቀርቶ ነው። በእኛ ግምት ጐንደር በነዚህ ሰዎች መሄድ ያጣችው ጎረቤት ብቻ ሳይሆን የብረት ዕውቀት ጭምር ነው፤ ይህንም የምንለው ንቀቱ የማን እንደ ነበረ እየረሳን ሳይሆን እያስታወስን ነው።

አሁን ወደ መኪናው እንመለስ። መኪና በብዛት ጐንደር የገባው በጦርነት ነው። የፋሽስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ የነበረው አኪሌ ስታራቼ በካሚዮን የተጫነ ጦር ይዞ ከኡምሐጀር ተነሥቶ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማውን ያዘ። ካሚዮኖቹ መንገድ በሌለበት አገር ሲጓዙ ወታደሩ ከፊት ከፊት ድንጋይ እያነሣ መንገድ ያበጅላቸው ነበር። ጐንደር የአማራ ግዛት ዋና ከተማ ተብላ ስትሰየም ፒያሳው፣ ፖስታ ቤቱና ሲኒማው ተሠሩ፤ ከአሥመራ ጋር የሚያገናኘው መንገድም በደባርቅ አልፎ የሊማሊሞን ገደል እየተጠማዘዘ እንዲወርድ ሆኖ ተቈፈረ። ይህን መንገድ ያየ ሰው ሁለት ነገር ሊክድ አይችልም፤ አንደኛው የመሐንዲሱን ችሎታ፣ ሁለተኛው በዚያ ገደል ላይ ድንጋይ ሲፈልጥ የዋለውን የሠራተኛ መከራ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ዘመን ለጥናታችን ትልቅ ትርጉም ያለው ነው። አሥመራ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. በእንግሊዞች እጅ ስትወድቅ በጐንደር የነበረው የጄኔራል ናዚ ጦር ከወደቡ ተቈረጠ። ወልቀፊት በመስከረም 1934 ዓ.ም.፣ ቁልቋል በር ኅዳር 12 ቀን፣ ጐንደር ራሷ ኅዳር 18 ቀን እስኪያዙ ድረስ ስምንት ወር ያህል አንዲት ቡሎን እንኳ ከባሕር ማዶ ሊመጣ አይችልም ነበር። መኪና ግን በየቀኑ ይሰበራል። ከአንዱ ፈትቶ ለሌላው መግጠም፣ ከበርሜል ቆርጦ ቱቦ ማበጀት የዚያ ክረምት ግዴታ ሆነ። ጦሩ እጁን ከሰጠ በኋላ የቀሩት ካሚዮኖች፣ በተለይ ሕዝቡ ትሬንታ ኳትሮ የሚለው የፊያት መኪና፣ ለብዙ ዓመታት በአገሩ መንገድ ላይ ሠርተዋል። ከጣልያኖቹም መካከል በሹፌርነትና በመካኒክነት አገር ውስጥ የቀሩ ነበሩ። ከእነርሱ ሥር ረዳት ሆኖ የገባው ልጅ በመጀመሪያ ሥራው ታኮ ማስቀመጥ ነበር፤ ካሚዮኑ ሊማሊሞ ላይ ሲቆም ከጎማው ኋላ ድንጋይ ይዞ የሚሮጠው እርሱ ነው። ቀጥሎ ጎማ ይለውጣል፣ ከዚያ መፍታት ይማራል፣ መግጠም ግን የሚፈቀድለት ዘግይቶ ነው። መጽሐፍ የለውም፣ ሥዕል የለውም፤ ዐይኑና ጆሮው ብቻ ናቸው መማሪያዎቹ።

ለረጅም ጊዜ የጐንደር መካኒክ ዐይን ወደ አሥመራ ይመለከት ነበር፤ ዕቃውም ሞያውም ከዚያ ይመጣልና። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ያ በር ተዘጋ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን የተነሣው ጦርነት የሊማሊሞን መንገድ እንደገና የጦር መንገድ አደረገው። ስለዚህ ዛሬ ማርሚታ የፈለገ ጐንደሬ ወይ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከአዲስ አበባ መርካቶ ከሶማሌ ተራ ያስመጣል፣ ወይ ከሠፈሩ በያጅ ያሠራል። የሠፈሩ በያጅ ላሜራውን ጠቅልሎ፣ በውስጡ በመሰርሰሪያ የተበሳሳ ቱቦ አስገብቶ፣ ሁለቱን ጫፍ ክዳን በይዶ ይሰጠዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ቀረጡን ከፍ ስላደረገ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዕድሜው ሊረዝም ግድ ነው። የበያጁም ሥራ እንዲሁ።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ሳንጠቅስ ብናልፍ ይቈጨናል። በአይሱዙ ሻሲ ላይ አገር ውስጥ አካል ተሠርቶለት ሰው የሚጭነውን አውቶቡስ ሕዝቡ ቅጥቅጥ ይለዋል። ቀጥቃጭ ብሎ የሰደበበትን ሥር ወስዶ የሚሳፈርበትን መኪና ሰየመበት። ስድቡ ወደ ስም ሲለወጥ ማንም ልብ አላለውም።

አሁን ያየነውን እንናገር። ባለፈው ክረምት መጨረሻ ከመካከላችን የአንዱ አጎት የኮሮላ መኪናቸው ማርሚታ ተበልቶ በየዳገቱ ያጓራ ስለ ነበረ፣ ከሶማሌ ተራ አንድ ማርሚታ አስመጥተው በግቢያቸው አስገጠሙ። እኛም ደብተር ይዘን ከጠዋት እስከ ማታ ተመለከትን፤ በኋላም ደብተራችንን ጥለን መፍቻ ያዝን። ዕቃው ለሌላ ዓይነት መኪና የተሠራ ስለ ነበረ መግቢያው ሰፊ፣ ርዝመቱም አጭር ነበረ። እንዲህ ያለው በመጻሕፍት ላይ የሌለ ችግር ነው፤ በጐንደር ግን የዘወትር ነው።

የመጣው መካኒክ ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። የመጀመሪያ ትእዛዙ መኪናው እንዲበርድ ነበር። ሁለተኛው ቦታ መምረጥ ነበር። ጐንደር ዳገትና ቍልቍለት ስለማታጣ በግቢው ጥግ ያለችውን ጉብታ አይቶ፣ የኋላ ጎማዎቹ በእርሷ ላይ እንዲወጡ አደረገና በአራቱም ጎማ ታኮ አስቀመጠ። ከኛ አንዱ ክሪክ ይዞ ሲቀርብ ተቈጣው። «ክሪክ ለጎማ መለወጫ ነው ልጄ፤ ሆድህን ከሥሩ አድርገህ የምትተኛበት አይደለም» አለው። ይህን ቃል ሁሉም ጀማሪ ቢይዘው መልካም ነው፤ ክሪክ ብቻውን በያዘው መኪና ሥር የገባ ሰው ነፍሱን ለአንዲት ቀጭን ጥርስ አደራ ሰጥቷልና።

የዛጉት ቡሎኖች ከዋዜማው ጀምሮ ነጭ ጋዝ ተቀብተው አድረዋል። ያም ሆኖ ከሦስቱ ሁለቱ ተፈቱ፣ አንዷ ተቀነጠሰች። አጎት ደነገጡ፤ መካኒኩ ግን የተቀነጠሰችውን በብረት መጋዝ ቈርጦ፣ ቀሪዋን በመሮ አስወጣ። አሮጌው ማርሚታ ሲወርድ ከታች በኩል እንደ ወንፊት ሆኖ ነበር። ለምን ከታች እንደሚበላ ስንጠይቀው «ውሃው የሚተኛው እዚያ ነዋ» ብሎ መለሰልን። በእርግጥም ቤንዚን ሲነድ ውሃ ይወጣዋል፤ በቀዝቃዛ ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ከቱቦው ጫፍ የሚንጠባጠበው እርሱ ነው። አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ማርሚታው ሳይግልና ውሃው ሳይተንን ስለሚቆም ቶሎ ይዝጋል። ከፒያሳ እስከ ገበያ ብቻ የሚመላለሰው የአጎት መኪና የደረሰበትም ይኸው ነው። ኬሚስትሪ ያጠናን ልጆች ሆነን ሳለ ይህን ከመካኒኩ መስማታችን ትንሽ አሳፈረን።

ቱቦውን ለማርዘም ብየዳ ስላስፈለገ መካኒኩ የባትሪውን ገመድ ነቀለና ቱቦውን ከመኪናው አውጥቶ ከግቢው ውጭ አስበየደው። በመኪናው ላይ እንዳለ መበየድ ጊዜ ይቈጥባል፤ ነገር ግን የቤንዚን ታንኩ ከማርሚታው ሩቅ አይደለም። እንግዲህ ዕቃው ተዘጋጅቶ ሲመጣ የመግጠሙ ሥርዓት እንዲህ ነበረ። ከሞተሩ በኩል ያለው መጋጠሚያ በብረት ብሩሽ ተጠርጎ አዲስ ጓርኒሲዮን ገባበት፤ አሮጌ ጓርኒሲዮን አንዴ ተጨፍልቋልና ሁለተኛ አይዘጋም። ቀጥሎ ማርሚታው በጎማ ማንጠልጠያዎቹ ላይ ተሰቀለ። ዳዶዎቹ ሁሉ በእጅ ብቻ ገቡ፤ አንድም አልተጠበቀም። ከዚያ መካኒኩ ተንጋሎ ቱቦውን ግራና ቀኝ እየነቀነቀ፣ ከፍሬን ቱቦ፣ ከታንክ፣ ከወለሉም ቢያንስ ሁለት ጣት እንዲርቅ አስተካከለ። በመጨረሻ ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ እየሄደ አጠበቀ።

ከፊት የሚጀምርበትን ምክንያት ገለጸልን። ከኋላ ተጀምሮ ቢጠበቅ የቱቦው ጠማማነት ሁሉ ተገፍቶ ሞተሩ ላይ ይሰበሰባል፤ ሞተሩ ደግሞ ሲነሣና ፍጥነት ሲቀየር ይወዛወዛል። ቱቦው ሲግል ይረዝማል፣ ሲበርድ ያጥራል። በብረት ለብረት የታሰረ ማርሚታ ስለዚህ ወይ ይሰነጠቃል ወይ ቡሎኑን ይቈርጣል፤ የጎማው ማንጠልጠያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በብዙ ግቢ ጎማው ሲበጠስ በሽቦ እየታሰረ የሚቀረው ነገር የድኻ ብልሃት ተብሎ ይመሰገናል። እኛ አናመሰግነውም፤ ሽቦ አንድ ቀን ቤት ለመድረስ እንጂ ዓመት ለመክረም አይሆንም።

ሞተሩ ተነሣ። መካኒኩ የተጣጠፈ ጨርቅ ይዞ የቱቦውን ጫፍ ለጥቂት ቅጽበት አፈነና ጆሮውን ወደ መጋጠሚያዎቹ ሰጠ። አንደኛው ጋ እንደ እባብ የሚያሰማ ድምፅ ነበር። የሳሙና ውሃ ሲፈስበት አረፋ አወጣ፤ እንደገና ተፈታ፣ ተጠረገ፣ ተጠበቀ። ይህ ሁሉ ሲሆን የቤቱ እመቤት ሦስተኛውን ቡና ይዘው መጥተው «አሁንማ መኪናው ዝም አለ፤ ተበላሸ እንዴ?» አሉ። ከመካኒኩ በቀር ሁላችንም ሳቅን፤ እርሱ ይህን እንደ ትልቅ ምስጋና ቈጥሮ ኰራ።

በጐንደርና በሰሜን ከፍተኛ አገሮች የተስፋፋ አንድ እምነት አለ፤ ማርሚታው ቢበሳ ወይም ውስጡ ቢወጣ መኪናው ዳገት ይወጣል የሚል ነው። ወጣቶች በፒያሳ የሚያስጮኹትን መኪና ሁሉ በዚህ ያስተባብላሉ። ይህን እምነት በሒሳብ ስንመረምረው እንዲህ ይሆናል። ጐንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ፣ ደባርቅ ወደ 2,850 ሜትር ከፍ ብለው ይገኛሉ። በጐንደር ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ይልቅ አምስት አንድ እጅ ያህል፣ በደባርቅ ደግሞ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ኃይሉን የሚያጣው በዚሁ ልክ ነው። ይህ ጉድለት በመግቢያው በኩል የሆነ ስለሆነ መውጫውን በማስፋት አይሞላም። የተዘጋ ማርሚታ በእርግጥ ሞተሩን ያንቃል፤ ደህናውን ማርሚታ መብሳት ግን የሚጨምረው ድምፅ ነው። ድምፅ ደግሞ ኃይል ይመስላል። የማኅሌት ሌሊት በአርባ አራቱ ታቦት አገር በዚህ ድምፅ የታወከ ሰው ይመስክር።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ጉዳይ ግን መርዙ ነው። ከሞተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ መልክም ሽታም የለውም፤ ከደም ጋር ሲያያዝም ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ ይበረታል። እናቶቻችን ከሰል ቤት ውስጥ ሳይገባ ውጭ እስኪቀላ ድረስ እንዲቆይ የሚያዝዙት፣ ደጁንም ገርበብ የሚያደርጉት ይህንኑ ጠላት በስሙ ባያውቁትም በሥራው ስለሚያውቁት ነው። በመኪና ግን ይህን ጥንቃቄ እንረሳለን። ከመካከላችን ሁለቱ አንድ ጊዜ ከጐንደር ወደ ደባርቅ ሲጓዙ፣ ብርድ ስለ ነበረ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ፣ ከኋላ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ራሳቸውን እየያዙ ማስመለስ ጀመሩ። ከፊት የነበረው ሰው መኪና አዞራቸው አለ፤ ሌላው ከፍታው ነው አለ። ዳባት ላይ ወርደው ንጹሕ አየር ሲያገኙ ቀለላቸው፤ ሲሳፈሩ ተመለሰባቸው። በኋላ መኪናው ሲታይ ከወንበሩ በታች ያለው መጋጠሚያ ከተገጠመ ሳምንት ሳይሞላው ተላቋል፣ በወለሉም ላይ የተበላ ቀዳዳ ነበረ። ጓርኒሲዮን አልገባበትም ነበር። አንዲት ትንሽ ዕቃ ለመቈጠብ ሲባል ስንት ሰው ሊጠፋ እንደ ነበር ያኔ ገባን፤ የዚህም ጥናት አሳብ የተፀነሰው በዚያ ቀን ነው።

ስለ ካታላይዘር በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። በኋላ ዘመን የተሠሩ መኪኖች ከሞተሩ ቀጥሎ መርዙን የሚቀንስ፣ በውስጡ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ያለው ዕቃ አላቸው። በአሜሪካ አዲስ መኪኖች በብዛት ይህን መያዝ የጀመሩት በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ይህን ዕቃ ስለሚገድለው፣ ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች እርሳሱን እስከ 2006 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ ከቤንዚናቸው አስወጡ። እንግዲህ ቤንዚኑ ከተስተካከለ በኋላ ዕቃውን ቈፍሮ ባዶ ቱቦ ማድረግ ምን ምክንያት አለው? አንዱ ጓደኛችን፣ ሲዘጋ የሚተካበት ገንዘብ ከየት ይምጣ፣ ባለ ታክሲ ልጆቹን ያብላ ወይስ ካታላይዘር ይግዛ ብሎ ተከራከረ። ሌሎቻችን ጭሱን የሚተነፍሱትም የዚያው የባለ ታክሲ ልጆች ናቸው አልን። አልተስማማንም፤ ጉዳዩን በዚህ መጽሔት ገጾች የሚቀጥል ሰው ቢኖር ደስ ይለናል።

ወደ አጎት ግቢ አንድ ጊዜ ተመልሰን እንጨርስ። አሮጌውን ማርሚታ መካኒኩ አልጣለውም። የበያጁ ልጅ በመጋዝ ለሁለት ከፍሎት ውስጡን አሳየን፤ የመጀመሪያው ፋብሪካ ብየዳ በአንድ በኩል፣ ከዚያ በኋላ በጐንደር የተደረጉ ሦስት ብየዳዎች በሌላ በኩል ይታዩ ነበር። ሦስቱም እጅ የተለያየ መሆኑን ልጁ በጣቱ እየነካ ነገረን፤ አንደኛው ዝግ ብሎ የሄደ፣ ሁለተኛው የቸኰለ፣ ሦስተኛው የአባቱ ነው። ደህናውን ላሜራ ለከሰል ምድጃ መርጦ ወሰደ። ዕድሜውን ስንጠይቀው አሥራ አራት ነኝ አለ፤ ትምህርት ቤት ጠዋት ጠዋት ይሄዳል፣ ከሰዓት እዚህ ነው። በክፍሉ ስለ አባቱ ሥራ ይናገር እንደሆነ ስንጠይቀው ራሱን ደፍቶ ዝም አለ።

መካኒኩ ከሁለት ሳምንት በኋላ መፍቻ ይዘን ዳዶዎቹን እንደገና እንድናጠብቃቸው አዝዞን ነበር፤ አዲስ ጓርኒሲዮን በሙቀት ሲጨፈለቅ ዳዶው ይላላልና። በተባለው ቀን መኪናውን በጉብታዋ ላይ አውጥተን ታኮ አስቀምጠን ገባን። ከሦስቱ አንደኛው ሩብ ዙር ያህል ላልቶ አገኘነው።